ትንሿ እንስራና የሠሪዋ ስም

አንድን ጉዳይ ቁም ነገር የለሽ አድርጎ ለማሳየት የፈለገ አማርኛ ተናጋሪ «የዕቃ ዕቃ ጨዋታ» ይለዋል። ጉባኤው ሳይመክር ሲበተን፣ ውሉ ሳይከበር ሲቀር፣ ሹመቱ ሥራ የሌለው ባዶ ስም ሲሆን «ዕቃ ዕቃ ነው» ይባላል። አነጋገሩ የተለመደ፣ ፍርዱም የማያወላውል ነው፤ ትንሹ ከንቱ፣ ትልቁ ቁም ነገር ነው ብሎ ይደመድማል። ይሁን እንጂ ልማድ የሚሰጠው ፍርድ ሁሉ ተመርምሮ የተሰጠ አይደለም። ልጆች በደጃፍና በግጦሽ ሜዳ የሚሠሩት ትንሽ ቤት በእርግጥ ከንቱ ነውን? እንዲህ ያለውን ትንሽ ነገር ዕድሜ ልኩን ሲሰበስብና ሲጠብቅ የሚኖር ጎልማሳስ ምን እያደረገ ነው? ከዚህም አልፎ፣ ትንሽ ዕቃ የሰበሰበ ሰው ለማን፣ ምን ዕዳ አለበት? የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ይኸው ነው።

ጥያቄውን በአየር ላይ ከማንሳት መሬት ላይ ማንሳት ይሻላል፤ መሬቱም የሰሜን ሸዋ ይሁን። ማማ ምድር፣ ላሎ ምድርና ጌራ ምድር ተብሎ በሦስት ሲከፈል የኖረው መንዝ፣ ከጎረቤቱ ከግሼ ጋር፣ አብዛኛው ክፍሉ ከባሕር ወለል በላይ 3000 ሜትር የሚደርስ ወይም የሚያልፍ ደጋ ነው። ብርዱ የበረታ፣ ዛፉ ያነሰ፣ ድንጋዩ የበዛ አገር በመሆኑ ሰዉ ቤቱን በድንጋይ ሲገነባ ኖሯል፤ ከጓሳ በታጨደ ሣር ሲከድን፣ ከበግ ጠጉርም ባናና በርኖስ ሲሠራ ቆይቷል። ከዚህ ደጋ ወደ ወንጪትና ወደ ጀማ ሸለቆ ሲወረድ የመርሐቤቴ አገር ይገኛል፤ በዚያ ገብሱ ለጤፍና ለማሽላ ቦታውን ይለቃል።

የልጆችም ጨዋታ ይህንኑ የአገር ጠባይ ተከትሎ ይሄዳል። ደጋ ላይ በግ ለሚጠብቅ እረኛ የቀረበለት ነገር ድንጋይ ነው። ድንጋይ በድንጋይ ላይ ይደርብና ከጉልበት የማያልፍ ቤት፣ ከቤቱም አጠገብ በረት ይሠራል፤ ጠጠሮቹ በጎቹ ናቸው። ቆላ ላይ አገዳ አለ፤ ከአገዳው ሞፈርና ቀንበር ይወጣል። ጭቃ በሁለቱም ዘንድ አለ፤ ከጭቃው በሬ ይበጃል፣ በፀሐይ ደርቆም ይጠመዳል። ሴቶቹ ልጆች ደግሞ ገል ይለቅማሉ። የተሰበረው ድስት ስባሪ ምጣድ፣ አመዱ ዱቄት፣ ሰፊው ቅጠል እንጀራ ይሆናል። በእንጨት ላይ የተጠቀለለች የጨርቅ ቁራጭ ሕፃን ትሆናለች፤ ትታዘላለች፣ ትጠባለች፣ ትታመማለች፣ ትድናለች።

እዚህ ላይ አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። አንድን ነገር ለማሳነስ አስቀድሞ ማወቅ ግድ ነው። ትልቁን ቤት ያላስተዋለ ልጅ ትንሹን ሊሠራ አይችልም። ምድጃው የት እንደሚሆን፣ መደቡ በየትኛው ወገን እንደሚዘረጋ፣ እንግዳ ሲመጣ ማን ከመቀመጫው እንደሚነሣ፣ ጥጆች ከሰው ምን ያህል ርቀው እንደሚያድሩ ማወቅ አለበት። ከዚህም በላይ መምረጥ አለበት። የበሬው አካል ሁሉ በአውራ ጣት ልክ ጭቃ ላይ አይሰፍርም፤ ስለዚህ እረኛው ብዙውን ይተውና ቀንዱንና ሻኛውን ያስቀራል። ማንም ሰው ያንን የጭቃ ቁራጭ አይቶ «በሬ ነው» ይላል። የማይጠቅመውን ትቶ የነገሩን ፍሬ ማስቀረት የኪነ ጥበብ ሁሉ መነሻ ከሆነ፣ እረኛው ሳያውቀው የቅርጻ ቅርጽ የመጀመሪያ ትምህርቱን ጨርሷል ማለት ነው።

ጨዋታው የሚያስገኘው ሌላም ነገር አለ። ቀኑን ሙሉ «ውኃ አምጪ፣ ልጅ እዘይ» ስትባል የምትውል ልጅ በዕቃ ዕቃው ቤት ውስጥ እመቤት ናት። ታዛለች፣ ትቆጣለች፣ ትቸራለች። ባልዋ ሆኖ የተቀመጠው ወንድሟ ሥራው ምን እንደሆነ የምትነግረው እርሷ ናት። በትልቁ ቤት ያለው ሥርዓት በትንሹ ቤት ውስጥ ይደገማል፤ በመደገሙም ለትዝብት ይጋለጣል። የአባትን አነጋገር ሲያስመስል የሚያስቅ ልጅ ፍርድም እየሰጠ ነው። ተውኔት ከዚህ የራቀ ሥራ የለውም።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ግን ልጆቹ የሠሩትን ራሳቸው ያፈርሱታል። በጎቹ ጠጠር ወደ መሆን፣ ምጣዱ ገል ወደ መሆን ይመለሳል። ማንም አይሰበስበውም፣ ማንም አይቆልፍበትም። በማግስቱ ሁሉም እንደገና ከመሠረቱ ይጀመራል።

የዚህ ተቃራኒ የሆነ ልማድ በሌላው ዓለም ሥር ሰድዶ ይገኛል፤ ይኸውም የአሻንጉሊት ቤትንና የቤቱን ጥቃቅን ዕቃዎች መሰብሰብ ነው። በጀርመን አገር የባቫርያው መስፍን አልብሬክት 5ኛ በ1558 እ.ኤ.አ. ገደማ ያሠራው ቤት ከቀደምቶቹ አንዱ ነው፤ እርሱም ለልጅ መጫወቻ ሳይሆን ለመስፍኑ ክብር መግለጫ ነበር። በሆላንድ ፔትሮኔላ ኦርትማን የተባለች የባለጸጋ ነጋዴ ሚስት ከ1686 እስከ 1710 እ.ኤ.አ. ያሟላችው ቤት ዛሬ በአምስተርዳም ራይክስሙዚየም ይታያል፤ የፈጀውም ገንዘብ በዚያች ከተማ ቦይ ዳር አንድ እውነተኛ ቤት ሊገዛ ይችል እንደነበር ይነገራል። በእንግሊዝ ለንግሥት ሜሪ የተሠራው ቤት ከ1921 እስከ 1924 እ.ኤ.አ. ጊዜ ወስዷል፤ ንድፉን ያወጣው አርክቴክቱ ኤድዊን ላችንስ ነው። አንዱ እጅ ለአሥራ ሁለት እጅ በሚል ልክ የተሠራው ይህ ቤት የኤሌክትሪክ መብራት፣ በቧንቧ የሚወርድ ውኃና በጊዜው ደራስያን እጅ የተጻፉ ጥቃቅን መጻሕፍት የተደረደሩበት ቤተ መጻሕፍት ነበረው። ቤቱ በዌምብሌይ ኤግዚቢሽን ለሕዝብ የታየው ራስ ተፈሪ መኰንን ለንደንን በጎበኙበት በዚያው በ1924 እ.ኤ.አ. ነው።

ከመሳፍንቱና ከባለጸጎቹ በኋላ ልማዱ ወደ ተራው ሕዝብ ወርዷል። ዛሬ በአውሮፓና በአሜሪካ ጡረተኞች፣ ነርሶች፣ አናጺዎችና አስተማሪዎች ዕድሜያቸውን ሙሉ በዚያው የአንድ ለአሥራ ሁለት ልክ የተሠሩ ወንበሮችን፣ ሳህኖችንና መጋረጃዎችን ሲሰበስቡ፣ ብዙዎቹም በገዛ እጃቸው ሲሠሩ ይኖራሉ።

በዚህ ላይ የሚነሣው ተቃውሞ ቀላል አይደለም። አንድ የገጠር አስተማሪ እንዲህ ሊል ይችላል፦ «የስምንት ዓመት ልጅ ውኃ ተሸክማ በምትወጣበት አገር፣ ለአሻንጉሊት ቤት ቧንቧ መዘርጋት ምን ዓይነት ሕሊና ነው? ኦርትማን በቤት ዋጋ የገዛችው የቤት መልክ ስንቱን ቤት የሌለው ባስጠለለ ነበር!» ተቃውሞው እውነት አለው። ትንሽ ነገርን መውደድ ትልቁን ችግር ላለማየት መሸሸጊያ ሊሆን ይችላል። በእውነተኛው ቤት ያልተሳካለት ሰው በትንሹ ቤት ጌታ ሆኖ፣ የማይናገሩ ሰዎችን እንዳሻው እያስቀመጠ ሊኖር ይችላል። ስብስብ ስስት የሚሆንበትም ጊዜ አለ፤ አንድን ዕቃ ስለሚያውቀው ሳይሆን ሌላ ሰው ስለሌለው ብቻ የሚይዝ ሰው ሰብሳቢ ሳይሆን ቋጣሪ ነው።

ነገር ግን ተቃውሞው ጉዳዩን አይጨርሰውም። በጥንታዊት ግብፅ ቴብስ፣ መኬትሬ በተባለ ሹም መቃብር ውስጥ በ1920 እ.ኤ.አ. የተገኙት የእንጨት ሥራዎች ወደ 4000 ዓመት ይጠጋቸዋል። ዳቦ መጋገሪያው፣ ጎተራው፣ የሽመና ቤቱ፣ የከብት ቆጠራው ሁሉ ከነሠራተኞቹ በትንሹ ተሠርቷል። ሹሙ ያሠራቸው በወዲያኛው ዓለም እንዲያገለግሉት ነበር፤ ዛሬ ግን የሹሙን ክብር የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ተመራማሪው የሚያጠናው ዳቦ ጋጋሪው እንዴት እንደሚያቦካ፣ ሸማኔዋ ከመሸመኛዋ ፊት እንዴት እንደምትቀመጥ ነው። ባለቤቱ ለራሱ ያስቀመጠው ትንሽ ነገር ለሠራተኞቹ ምስክር ሆኖ ቆመ። በአሜሪካም ፍራንሲስ ግሌስነር ሊ የተባለች ሴት በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. ሰው ሞቶ የተገኘባቸውን ክፍሎች በትንሹ እየሠራች የፖሊስ መርማሪዎችን ማስተዋል አስተምራበታለች። እንግዲህ ትንሹ ነገር ከእውነት መሸሻ ብቻ ሳይሆን እውነትን ማያም ሊሆን ይችላል። የሚለየው ያዢው ሰው ከዕቃው ጋር ምን አብሮ እንደያዘ ነው።

የኢትዮጵያም ሕዝብ ቢሆን ማሳነስን ለልጆች ብቻ የተወ አይደለም። በካህን እጅ የሚያዘው መስቀል ታንሶ በአንገት ላይ ይንጠለጠላል፤ በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ የሚሣለው ሥዕል ታጥፎ በሚዘጋ ትንሽ እንጨት ላይ ተሥሎ በደረት ተይዟል። እዚህ ላይ ማሳነስ ማለት ክብርን መቀነስ ሳይሆን የከበረውን ነገር አቅርቦ መያዝ ነው። በውጭ አገር በሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ቤት መደርደሪያ ላይ የምትታየው መዳፍ የምታክል ሞሰብ፣ ቡና የማይፈላባት ትንሽ ጀበናም ከዚህ የራቀ ትርጉም የላትም፤ የራቀውን ቤት ታቀርባለች።

እስከዚህ ድረስ ነገሩ የፍቅር ይመስላል። አሁን ግን ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ወደ ሠሪዋ መምጣት ያስፈልጋል።

በሸዋ ደጋዎች እንደ ሌላው የኢትዮጵያ ክፍል ሁሉ፣ እንስራውን፣ ጋኑን፣ ምጣዱንና ጀበናውን የምትሠራው ሴት ለብዙ ዘመን ከኅብረተሰቡ ጠርዝ ላይ ኖራለች። ቀጥቃጩም እንደዚሁ። «ጠይብ» የሚለው ስም፣ ከዚያም የከፋው «ቡዳ» የሚለው ክስ ተለጥፎባቸው፣ ከእነርሱ ጋር መጋባት ነውር ተደርጎ ሲቆጠር ኖሯል። እንጀራው የተጋገረው በምጣዷ፣ ወጡ የበሰለው በድስቷ፣ ውኃው የተቀዳው በእንስራዋ ነው፤ የእጇ ሥራ በየቤቱ ውስጥ ገባ፣ እርሷ ግን ከደጅ ቀረች። በቁሳዊ ኑሮ የምታስፈልግ፣ በማኅበራዊ ክብር የምትገፋ ሰው መሆኗ የአሮጌው ኑሮ ትልቅ ቅራኔ ነበር፤ ቅሬታውም ዛሬ በየቦታው ጨርሶ አልጠፋም።

አሁን ወደ ዕቃ ዕቃው እንመለስ። የገበሬው ልጅ፣ የካህኑ ልጅ፣ የባላባቱ ልጅ በደጃፍ ተቀምጠው ምን ሲሠሩ ነበር? ጭቃ ያቦኩ ነበር። ድስት ያበጁ፣ ጀበና ያንገታቱ፣ በሬ ይቀርጹ ነበር። በዕቃ ዕቃ ጨዋታ ውስጥ ልጅ ሁሉ ሸክላ ሠሪ ነው፤ በዚህም ማንም አያፍርም። ልጁ አድጎ አንድ ዕድሜ ላይ ሲደርስ ግን እጁን እንዲታጠብ ይነገረዋል፤ ከጭቃው ጋር ንቀቱን ይማራል። ትናንት በገዛ እጁ ሲሠራው የዋለውን ሥራ ዛሬ በሌላ ሰው እጅ ሲያየው ይጠየፈዋል። እንግዲህ ይህች በፀሐይ የደረቀች ትንሽ ድስት ከንቱ አይደለችም፤ ንቀት ከተፈጥሮ ያልመጣ፣ በትምህርት የገባ መሆኑን የምታስረዳ ማስረጃ ናት። በትምህርት የገባ ነገር ደግሞ በትምህርት ሊወጣ ይችላል።

ሰብሳቢውም ሊጠየቅ የሚገባው ከዚህ ላይ ነው። በጎንደር አጠገብ በወለቃ መንደር የቤተ እስራኤል ሴቶች ትንንሽ የሸክላ ምስሎችን እየሠሩ ለጎብኚ ይሸጡ ነበር። በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. በተደረጉት ታላላቅ ጉዞዎች ቤተ እስራኤል በብዛት ወደ እስራኤል ሄዱ። ምስሎቹ ግን ቀደም ብለው በዓለም ዙሪያ ተበትነው ነበር፤ በየሙዚየሙና በየግል ቤቱ መደርደሪያ ላይ ይገኛሉ። ከብዙዎቹ ሥር የመንደሩ ስም ተጽፏል፤ የሠሪዋ ስም ግን አልተጻፈም። የገዛው ሰው ምስሉን ወደደው፣ ተንከባከበው፣ አቧራውን ጠረገለት፤ ያበጀችው ሴት ማን እንደነበረች ግን አልጠየቀም። ይህ የአሮጌው በደል በመስታወት ውስጥ መደገም ነው። እንስራውን አስገብቶ ሠሪዋን ከደጅ ማስቀረት በመንዝ ጎጆም ተደረገ፣ በአውሮፓ ሳሎንም ተደረገ፤ ልዩነቱ የቤቱ ነው።

መንዝ በታሪክ መጻሕፍት የሚነሣው በነገሥታት አገርነቱ ነው። የሸዋ ነገሥታት ዘራቸውን የሚቆጥሩለት ነጋሢ ከመንዝ ተነሣ፤ ትውልዱም በስም በስሙ ተመዝግቦ እስከ ዳግማዊ ምኒልክ ይደርሳል። የነገሥታቱን ጠላ የያዘውን ጋን ማን እንደሠራው ግን የትውልድ ሐረግ አልተጻፈለትም። ዜና መዋዕል ያልጻፈውን ሊያቆይ የሚችል አንድ ነገር ቢኖር ዕቃው ራሱ ነው፤ ዕቃውም የሚናገረው ስም የሰጠው ሰው ሲኖር ነው።

ጊዜውም እየቸኮለ ነው። ዛሬ በብዙ መንደር ውኃ የሚቀዳው በፕላስቲክ ጀሪካን ነው። ይህም ክፉ አይደለም፤ ጀሪካን ከእንስራ ይቀላል፣ የሴቲቱንም ጀርባ ያሳርፋል። የጓሳ ክዳን ለቆርቆሮ ቦታውን ሲለቅ፣ የእጅ ወፍጮ በሞተር ሲተካ የሚያዝን ሰው መጀመሪያ ሌሊት ተነሥቶ ቢፈጭ ይሻላል። ይሁን እንጂ እንስራው ከቤት ሲወጣ ከዕቃ ዕቃውም ይወጣል፤ ልጅ የሚያሳንሰው ያየውን ብቻ ነውና። ከሩቅ አገር ፋብሪካ የመጣች የፕላስቲክ አሻንጉሊት ከጨርቋ ሕፃን ይልቅ ታምራለች፤ ነገር ግን ምንም እንድታውቅላት ከልጅቱ አትጠይቅም። ተሠርታ ያለቀች ናት። አንድ እንስራ ከአገልግሎት ሲሰናበት አብሮት የሚሄደው የአፈሩ ምርጫ፣ የአተኳኮሱ ዘዴ፣ የየክፍሉ ስም፣ በጀርባ ላይ የሚታዘልበት ብልኃት ነው። አውራ ጣት የምታክል እንስራ ይህን ሁሉ ልትይዝ ትችላለች፤ የሚያውቅ ሰው ከሠራትና የሚጠይቅ ሰው ከያዛት።

በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ በቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም፣ የሕዝቡን የኑሮ ዕቃዎች በሰው የሕይወት ዘመን ቅደም ተከተል፣ ከልጅነት ጀምሮ እስከ ሞት ድረስ አደራጅቶ አሳይቷል። አደረጃጀቱ ትልቅ ቁም ነገር ይዟል፤ ልጅነት ራሱን የቻለ የባህል ክፍል መሆኑን ያውጃል። ነገር ግን አንድ ሙዚየም ብቻውን የአገርን ልጅነት ሊሸከም አይችልም። ሥራው በየወረዳው ነው፤ በመሐል ሜዳ፣ በሞላሌ፣ በግሼ ራቤል፣ በዓለም ከተማ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ነው።

አንድ አስተማሪ ተማሪዎቹን «የአያታችሁን ቤት አንድ ለአሥራ ሁለት አሳንሳችሁ ሥሩ» ቢላቸው ምን እንደሚሆን ማሰብ ይቻላል። ልጆቹ ሒሳብ ይሠራሉ፣ ቅድመ አያት ይጠይቃሉ፣ የማያውቁት ቃል ይገጥማቸዋል። ለትንሹ ጋን ትክክለኛውን አፈር ሲፈልጉም አፈሩን ወደምታውቀው ሴት መሄዳቸው አይቀርም። በዚያን ቀን ሸክላ ሠሪዋ ወደ ትምህርት ቤቱ በመምህርነት ትገባለች። ቤቱ ሲጠናቀቅ በግድግዳው ሥር የእርሷ ስም ከልጆቹ ስም ቀድሞ ይጻፋል። ይህ ካልሆነ ስብስቡ የቱንም ያህል ቢያምር ጎደሎ ነው።

ሰብሳቢ ሁሉ፣ ጎጆው ውስጥ ያለው ይሁን በባሕር ማዶ ያለው፣ ይህን ዕዳ ተሸክሟል፦ የሠሪውን ስም መጠየቅ፣ የዕቃውን አገልግሎት አብሮ ማቆየት፣ ከዚያም ዕቃውን ለልጅ እጅ መፍቀድ። የመጨረሻው ከሁሉ የሚከብድ ነው፤ ልጅ የነካው ነገር ሊሰበር ይችላልና። ነገር ግን የመንዝ እረኞች ማታ ማታ ቤታቸውን እያፈረሱ ሲሄዱ አገራቸው ባዶ አልቀረም፤ ቤቱን በማግስቱ የሚሠራው እውቀት በእጃቸው ነበረና። የሚያስፈራው የትንሿ እንስራ መሰበር አይደለም። የሚያስፈራው፣ ስትሰበር እንደገና ሊሠራት የሚችል ሰው መታጣቱ፣ የምትችለዋም ሴት በመንደሩ እያለች ስሟን የሚያውቅ አለመገኘቱ ነው።